አስር ቀን በአሞራ ሜዳ

አላምረው የቀን ሥራውን የሚጀምረው ሰማይ በማየት ነበር። ገበሬው ሁሉ ማልዶ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጠው ዝናብ ፍለጋ ነው፤ እሱ ግን ቆዳ ገዢ ነውና የሚፈልገው ሌላ ነው። ከትክል ድንጋይ ከተማ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ አፋፍ ላይ ካለችው ቤቱ ደጃፍ ይቆማል፤ እጁን ግንባሩ ላይ ይጋርዳል፤ ጆፌ አሞራ የሚዞርበትን አቅጣጫ ይፈልጋል። አንድ ጆፌ ብቻውን ካለፈ መንገደኛ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ቦታ ላይ ከዞሩ ከብት ሞቷል ማለት ነው። እየዞሩ ዝቅ ካሉ ደግሞ ጊዜ የለም፤ ቢላዋውንና ጨው የያዘችውን ስልቻ አንስቶ መሮጥ ነው። ጆፌ ቀድሞት ከወረደ ቆዳው ወንፊት ይሆናል፤ ወንፊት የሆነ ቆዳ ደግሞ ማንም አይወስድለትም።

በዚህ ዓይነት አንዳንዴ የከብቱን ሞት ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ ከእድሜ እኩያው ከስማቸው ደጅ ቆሞ፣ "ስማቸው፣ ላምህ ከገደሉ ሥር ናት፤ ቆዳዋን ልግፈፍልህ?" ቢለው፣ ስማቸው በረቱን ከፍቶ እስኪቆጥር አላመነውም። ቆጥሮ ሲወጣ፣ "አንተ ሟርተኛ! ከአሞራው ጋር በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?" አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአገሩ ሰው "አያ ጆፌ" ይለዋል። የበክት ቆዳ ለሚገፍፍ ሰው ብዙ ስም ይወጣለታል፤ ከወጡለት ስሞች ሁሉ ይሄኛው ሸጋ ስለነበር አላምረው አልጠላውም።

ነገር መመርመር ይወድ ነበር። አንዱ ጆፌ ሲወርድ፣ ከተራራው ማዶ ያለው ሌላው እንዴት ሰማ? ትንሿ ጥንብ አንሳ ለምን ዳር ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች? አንድ ቀን ቆዳውን ገፍፎ፣ ጨው ነስንሶ፣ ጠቅልሎ ሲያበቃ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ቆጠራቸው። ሰማንያ ሁለት ነበሩ። ሦስት ሰዓት ላይ የጀመሩትን በሬ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጨረሱት። የቀረው አጥንትና የተረገጠ ሣር ነው። ሽታ የለ፣ ዝንብ የለ። ያ ቦታ አሞራ ሜዳ ይባላል። የአገሩ ሰው የሞተበትን ከብት እየጎተተ የሚጥለው እዚያ ነው፤ አያቶቹም የጣሉት እዚያ ነው። ከብት መቅበር የሚባል ነገር በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ግን የቆየ ወሬ ነው። ሰማዩ ባዶ ከሆነ አስር ዓመት አልፎታል። አላምረው አሁን የከብት ሞት የሚሰማው በስልክ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ትዝ ካለው። እሱ ግን ልማድ ሆኖበት ዛሬም ጠዋት ጠዋት እጁን ግንባሩ ላይ ይጋርዳል። ቁራ ያያል፤ ጭልፊት ያያል። ያገኘውን ሰው ሁሉ፣ "አሞሮቹ የት ሄዱ ትላለህ?" ብሎ ይጠይቃል። አንዱ የመብራት ሽቦ ፈጃቸው ይለዋል፤ ሌላው ወደ ጎንደር ቄራ ሄዱ ይለዋል፤ ሽማግሌዎቹ ስምንተኛው ሺህ ነው ይሉታል። አላምረው ሁሉንም በጥሞና ይሰማል። ስለዚህ ጉዳይ እሱ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ግን ለማንም፣ ለሚስቱም ቢሆን፣ ነግሮ አያውቅም።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ስማቸው ደወለ።

"በሬዬ ሆዱን ነፍቶት ሞተ። ልጆቹ አሞራ ሜዳ ጥለውታል። ቆዳውን ከፈለግህ ድረስ።"

አላምረው ሲደርስ ውሾቹ ቀድመውታል። ቆጠራቸው፤ አስራ አንድ ናቸው። ጌታ የሌላቸው፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ውሾች። ድንጋይ ወርውሮ ገለል አደረጋቸውና ተንበርክኮ ሥራውን ጀመረ። አንዱን ጎን ገፍፎ በሬውን ሊገለብጥ ሲታገል፣ ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ አንዲት ዳለቻ ውሻ ከኋላው መጥታ ባቱን ነከሰችው። ጮኸ፤ በቢላዋው እጀታ መታት፤ ለቅቃው ሄደች። አላምረው የመቀነቱን ጫፍ ቀድዶ ባቱን አሰረና ቆዳውን ገፍፎ ጨረሰ። የጀመረውን ሥራ የሚተው ሰው አልነበረም።

ሚስቱ ዓይናዲስ ደሙን ስታይ በመጀመሪያ ቢላዋው የቆረጠው መስሏት ነበር። ነገሩን ሲነግራት የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

"ተነክሰህ ቆዳውን ገፍፈህ ጨርሰህ መጣህ?"

"ግማሽ ላይ ነበርሁ።"

"የራስህንስ ቆዳ ማን ይገፍፍልህ ኖሯል አንተ ሰውዬ!"

ዓይናዲስ በዚህ ነገር አትቀልድም። የአጎቷን ልጅ እብድ ውሻ ነክሶት ቁስሉ ድኖ ከተረሳ በኋላ፣ ከአርባ ቀን በላይ ቆይቶ፣ ውሃ ባየ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ሲሞት አይታለች። አንዴ ከጀመረ መመለሻ የለውም። አላምረውን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ባቱን በሳሙና እያሸች፣ እንስራው እስኪጎድል ድረስ ውሃ አፈሰሰችበት። ጎረቤት ተሰብስቦ ጠበል ይሻለዋል ሲላት፣ "ጠበሉንም ይጠጣል፤ መርፌውንም ይወጋል፤ እግዜር በየትኛው እንደሚምረው እኔ አልመርጥለትም" አለችና ሚኒባስ ላይ ጭና ጎንደር ወሰደችው።

ጎንደር የተቀበለቻቸው ነርስ ሲስተር ፅዮን ትባላለች። ቁስሉን እንደገና አጥባ፣ ክንዱን ወግታ፣ መዝገቧን ከፈተች።

"ውሻው የማን ነው?"

"የማንም። ሴት ናት፤ ግራ ጆሮዋ ቆራጣ።"

"ተመልሰው ሊያገኟት ይችላሉ?"

"ልጄ፣ ያገኘችኝ እሷ ናት እንጂ።"

ፅዮን ሳቀች፤ ከዚያ ግን ብዕሯን አንስታ አየችው። "በዚህ ወር ከእናንተ አካባቢ የመጡ አስራ አራተኛው ሰው ነዎት። ምንድን ነው እዚያ ያለው?"

"ውሻ ነዋ።"

"ውሻ ድሮም ነበር።"

 አላምረው ሰውን ሁሉ ሲጠይቅ የኖረውን ጥያቄ፣ በሌላ በር ገብታ የጠየቀችው ይህቺ ልጅ ናት።

"ድሮ አሞራ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "በሬ ሲሞት በሦስት ሰዓት ያልቃል። ውሻ ቢመጣም የሚልሰው አጥንት ነው፤ አንዱ ወይ ሁለቱ ቢኖሩበት ነው። አሁን በሬው ሳምንት ይተኛል። ውሻዋ እዚያው ትወልዳለች፤ ልጆቿም እዚያው ይጠግባሉ። ዛሬ አስራ አንድ ቆጥሬያለሁ፤ አምና ሰባት ነበሩ።"

"ጅቡስ?"

"ጅቡ ብልህ ነው፤ ወደ ከተማ ቆሻሻ ወርዷል።"

ፅዮን ብዕሯን አስቀመጠች። "እኛ የተነከሰውን ሰው እንጂ ውሻው ምን በልቶ እንደዋለ ጠይቀን አናውቅም" አለች። "አሞሮቹስ ምን ሆኑ?"

አላምረው የታሸገ ባቱን አየ። "ጠፉ" አለ።

ከዚያ ፅዮን ቁጭ አድርጋ ነገሩን አስረዳችው። ሁለተኛው መርፌ ማክሰኞ ነው፤ ሦስተኛው ከሳምንት በኋላ ቅዳሜ፤ አራተኛው በሁለት ሳምንቱ። ውሻዋን ደግሞ ከሩቅ ሆኖ አስር ቀን ይመልከት። በሽታው በምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ አስር ቀን አይቆይም፤ ይሞታል። አስሩን ቀን ደህና ከዋለች የነከሰችው ቀን በሽታው አልነበረባትም ማለት ነው።

"ከሞተች ወይም ጠባይዋ ከተለወጠ የዚያኑ ቀን ይደውሉልኝ። እንዳትገድሏት። ሰው ሁሉ ይገድልና ማወቂያውን አብሮ ይቀብረዋል።"

ስልኳን ሰጠችው። ዓይናዲስ በመንገድ ላይ፣ "እንግዲህ ጎንደር አንዲት ሐኪም አገኘህ፤ አሞራ ሜዳ ደግሞ አንዲት" አለች። ከዚያ ወዲያ ውሻዋ በቤታቸው "ሐኪሟ" ተባለች።

ሰኞ ማታ ግን መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ማክሰኞ ምንም መኪና አልተንቀሳቀሰም። አላምረው ስልክ በደንብ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለ።

"መንገዱ በተከፈተ ቀን ወዲያው ይምጡ" አለችው ፅዮን። "እስከዚያ ውሻዋን እንዳይለቁ፤ አሁን የምትነግረን እሷ ብቻ ናት።"

እናም አላምረው ዱላና ጥቂት ቆሎ ይዞ የድሮው ቋጥኝ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ከተነከሰበት ማግሥት ጀምሮ እየቆጠረ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጠጠር ከጎኑ ያኖራል። በመጀመሪያ የሚያየው እሷን ብቻ ነበር። ትበላለች? በላች። ለሃጯ ይዝረበረባል? የለም። ያለ ነገር ትናከሳለች? ከሌሎቹ ጋር ትናከሳለች፤ ግን ሥጋ ሲሻሙ ነው። ወደ ወንዙ ወርዳ ውሃ ስትጠጣ ባየ ጊዜ ደግሞ እፎይ ብሎ ከተቀመጠበት ተነሳ። ሲደውልላት ግን ፅዮን፣ "ውሃ መጠጣቷ ብቻውን አያስተማምንም፤ አስሩን ቀን ይቁጠሩ" አለችውና ተመልሶ ተቀመጠ። ማታ ዓይናዲስ ገና ከደጅ ሳለ፣ "ሐኪምህ እንዴት ዋለች?" ትለዋለች። "ደህና ዋለች" ሲላት እራት ታቀርባለች። ስቃ ነው የምትጠይቀው፤ መልሱን እስክትሰማ ግን ሌማቱን አትከፍትም።

ዓይኑ ሲለምድ ሌላውንም አየ። ውሻ እንደ አሞራ አይበላም። አሞራ ሁሉንም እዚያው ይጨርሳል። ውሻ ግን ቦጭቆ ይወስዳል፤ ግማሹን ይቀብራል፤ ግማሹን ይጥላል። ረቡዕ የአንዲት ባልቴት አህያ ሞታ ከበሬው ጎን ተጣለች። በማግሥቱ አንድ ቀይ ውሻ የአህያዋን እግር እየጎተተ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ጥሎት ሄደ። አላምረው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በዓይኑ ተከተለው። በቋጥኞቹ መካከል አለፈ፤ ቁጥቋጦ ሥር ገባ፤ ወጣና ሴቶቹ እንስራ ከሚሞሉበት ምንጭ ጋር ተቀላቀለ። ባለፈው ክረምት ዓይናዲስ ሳምንት ሙሉ ሆዷን ይዛ ስትሰቃይ፣ የሰፈሩም ልጆች ተራ በተራ ሲታመሙ፣ ሰው ሁሉ እሸቱን ነበር የረገመው።

ወርዶ የአህያዋን እግር በዱላ ገፍቶ ከውሃው አወጣው።  ሰማንያ ሁለት አሞሮች በአንድ ረፋድ የሚሠሩት ሥራ ስንት ቤት ድረስ ይደርስ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባው። ሲኖሩ ሥራቸው አይታይም ነበር።

የዚያኑ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ በሜዳው ላይ ጥላ አለፈ። አላምረው ቀና አለ። አንድ ጆፌ ነው። ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ዝቅ አለ፤ ውሾቹ ሲጮሁበት ከፍ አለና ገደሉ አፋፍ ላይ አረፈ። እስኪመሽ እዚያው ቆየ እንጂ አልወረደም። አላምረው ለሚስቱ፣ "አንድ መጣ" አላት።

"ማን?"

"ጆፌ።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን።" ሌላም ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ዱላውን አስቀምጦ ለእራት ተቀመጠ።

ቅዳሜ የሦስተኛው መርፌ ቀን ነበር፤ መንገዱ ግን እንደተዘጋ ነው። ሰባተኛውን ጠጠር ሲያኖር ጎረቤቱ ምስጋናው ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ምስጋናው ገና ጎልማሳ ነው፤ ኃይለኛ ገበሬ፤ በዚያ ሳምንት ውሾቹ ሁለት በጎች ፈጅተውበታል።

"ምነው አያ ጆፌ፣ ከአሞራ ወጥተው ውሻ ጠባቂ ሆኑ?"

"ምን ላድርግ ብለህ ነው ምስጋናው? ነፍሴ እሷ ዘንድ ነው ያለችው።"

"አለቀልዎት እንግዲያ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ይሰበሰባል። እነዚህን ውሾች አንድ ማታ እንጨርሳቸዋለን።" ከጋቢው ሥር ጠርሙስ አወጣና አሳየው። ለተምች የሚረጨው መድኃኒት ነው። "አህያዋ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ጠዋት መጥቶ መቁጠር።"

አላምረው ጠርሙሱን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ምስጋናው ግን ለውሻዋ የደነገጠ መሰለው።

በማግሥቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። የእድሩ ሰብሳቢ ስማቸው ነው። ምስጋናው በጎቹን አነሳ፤ የተነከሱትን ሰዎች ቆጠረ፤ ጠርሙሱንም አሳየ። የተቃወመ የለም። አላምረው እጁን አወጣ።

"ሁለት ቀን ስጡኝ። ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። መንገዱ ዝግ ነው፤ ደህና መሆኔን የምትነግረኝ ያቺ ውሻ ብቻ ናት።"

"ለአንድ ውሻ ነፍስ ሲለመን ዛሬ ገና አየሁ" አለ ምስጋናው፤ ሰውም ሳቀ።

ስማቸው ግን፣ "ለውሻዋ አይደለም፤ ለሰውየው ነው" አለ። "ሁለት ቀን ምንም አይደለ። ረቡዕ ማታ ይሁን።" ምስጋናውም፣ "ለአያ ጆፌማ ይሁን" አለ።

አላምረው አመስግኖ ተቀመጠ። የፈለገውን አግኝቷል። ነፍሱ ያለችበትን አስሩን ቀን ሰጥተውታል፤ ሌላ የሚጠይቀው የለም። ሰዉ ጋቢውን እያራገፈ መነሳት ጀመረ። ምስጋናው ለአንዱ፣ "አህያዋ ብታልቅ እንኳ ሌላ በክት አይጠፋም፤ ሆዱን ቀድዶ ማፍሰስ ነው፤ ሌላ ነገር አይነካውም" ሲል ተሰማው።

"ይነካዋል" አለ አላምረው። መቆሙን ራሱም አላወቀም።

ሁሉም ዘወር አሉ።

"እንደዚያው አድርጌ አውቀዋለሁ። ዳማ በቅሎዬን ጅብ የበላብኝ ዓመት ትዝ ይላችኋል? አስራ አንድ ዓመት ሆነው። ጅቡ ለተረፈው ይመለሳል ብዬ ያንኑ መድኃኒት አፈሰስሁበት። ጠዋት ስሄድ ጅብ የለም። አሞሮቹ ናቸው። ክንፋቸውን እንደዘረጉ ወድቀው። ሰላሳ ሰባት ቆጠርሁ። ሌሎቹ እየበረሩ ሄደው የትም ወደቁ። ሰው ሳያየኝ እስከ ማታ ስቆፍር ውዬ ሸለቆው ውስጥ ቀበርኋቸው።"

 ከሰዎቹ ኋላ የቆመችው ዓይናዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። ስማቸው ቀስ ብሎ ተነሳ።

"እነዚያ ማሳችን ላይ እየወደቁ የሞቱት አሞሮች?"

"እነሱ።"

"መቅሠፍት ነው ብለን ምህላ የያዝንባቸው? ሦስት ቀን የጾምንባቸው?"

"አዎ።"

"ሰግጄ ሰግጄ ጉልበቴ ተልጦ! እስካሁን በክረምት ያመኛል እኮ! አንተም ከጎኔ ስትሰግድ ነበርህ!"

"ከሁላችሁም አብዝቼ የሰገድሁት ለዚያ ነው" አለ አላምረው።

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ሌላውም ተከተለው። ስማቸው መሳቅም መቆጣትም አቅቶት ተመልሶ ተቀመጠ። ምስጋናው ግን አልሳቀም።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? እርስዎ አሞራውን ፈጁ፤ ውሻው በዛ፤ በጎቼን በላ። አሁን ደግሞ ውሻውን አትንካ ይሉኛል።"

"ልክ ነህ። ሁሉም በእኔ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሌላም አገር ጠፍተዋል ይባላል። ግን ሐሙስ ዕለት አንድ መጥቷል። ረቡዕ ማታ ብታፈስስ ሐሙስ ጠዋት ከውሾቹ ጋር የምትቆጥረው እሱን ነው።"

"በክቱን እንቅበረው እንግዲህ" አለ አንዱ።

"ለበሬ መቃብር! እድርም ይውጣለት በለዋ!" አለ ስማቸው።

"ደግሞስ ከቀበርነው አሞራው ምን ሊበላ ነው?" አለ ምስጋናው። አላምረው ይህን አላሰበውም ነበር። ምስጋናው ተናድዶ እጁን አወናጨፈ። "ወይ ለበክቱም እንደ በጎቼ የእሾህ በረት እንሥራለት!"

አላምረው ፈጠን ብሎ ቀና አለ። "እስቲ ድገመው።"

"ቀልዴን ነው።"

"እኔ ግን አልቀልድም። አሞራው ከላይ ነው የሚገባው። ውሻው በእሾህ አያልፍም።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ለቁም ከብት በረት ሁሉም ይሠራል፤ ለሞተ ከብት ግን ማንም አስቦት አያውቅም። ምስጋናው፣ የሚበላው ያጣ ውሻ በጎች ላይ ቢብስስ ብሎ ጠየቀ። አላምረው አላውቅም አለ። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ስማቸው ፈረደ፦ የእሾህ በረቱ እስከ ፋሲካ ይሞከር፤ በጎቹ ማታ ማታ በጥብቅ ይታጎሩ፤ ለውሾቹ ክትባት ወረዳው ይጠየቅ። "በረቱን የሚሠራው ግን አያ ጆፌ ነው። ብቻውን! የጉልበቴ ካሳ ይሁን።" ምስጋናውም ጠርሙሱን ጋቢው ሥር መለሰና፣ "አልጣልሁትም፤ እቤቴ ነው ያለው" አለ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ዓይናዲስ ቀድማው ትራመድ ነበር። ከደጃፋቸው ሲደርሱ፣ "አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አሞሮቹ የት ሄዱ ብለህ እኔንም ጠይቀኸኛል" አለችው።

"ሌላ መልስ እንዲኖረው ፈልጌ ነበር።"

ሰኞ ዘጠነኛው ቀን ነው። አላምረው አሞራ ሜዳ ሲደርስ ሜዳው ባዶ ነበር። በሬውም አህያዋም አልቀዋል፤ አንድም ውሻ የለም። ቋጥኙ ላይ እስኪመሽ ተቀመጠ። ማታ ዓይናዲስ፣ "ሐኪምህ እንዴት ዋለች?" አለችው።

"አላገኘኋትም።"

ሌማቱን ከፈተች፤ ማንም ግን አልበላም። ከሄዱት ውሾች ጋር አብራ ሄዳ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ሞታ ይሆናል።  አላምረው ባቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳሰሰው። ድኗል። የአጎቷ ልጅ ቁስልም ድኖ ነበር።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከደጃፉ ቆመ። ወዴት ይሂድ? ውሻ የሚሄደው ምግብ ወዳለበት ነው። ምግብ የት ነው? ማንም አልደወለለትም። ያን ጊዜ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ግንባሩ ወጣ።

ፀሐይዋ ጥቂት ከፍ እስክትል አየሩ አይሞቅም፤ አየሩ ካልሞቀ ጆፌ አይነሳም። ይህን ያውቃልና ጠበቀ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ከገደሉ አፋፍ አንድ ጥቁር ነጥብ ተነሳ። ወደ አሞራ ሜዳ አልመጣም። ወደ ምዕራብ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሸንተረር ሄደና መዞር ጀመረ። አንድ ዞረ፤ ሁለት ዞረ። ሦስተኛውን ሲዞር ዝቅ አለ። አላምረው ዱላውን አንስቶ ሮጠ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሦስት የቀረው፣ ባቱ የሚያመው ሰው፣ እንደ ድሮው በአሞራ ተመርቶ ወንዙን በድንጋይ ላይ ተሻገረ፤ ሸንተረሩን ወጣ።

ከሸንተረሩ ጀርባ ባለቤት የሌለው የሚመስል የከሳ በቅሎ ሞቶ ወድቋል። ውሾቹ ከበውታል። ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ቀዩ፣ ነጩ፤ ዘጠኝ፣ አስር። አስራ አንደኛዋ የለችም። እንደገና ቆጠረ፤ አስር ናቸው። ዱላውን አጋድሞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከበቅሎው ሆድ ሥር አንድ ጆሮ ብቅ አለ። አንድ ብቻ። ዳለቻዋ ውሻ ፊቷን በደም አርሳ ወጣች፤ አየችው፤ ያን ያህልም ሳትገረም ተመልሳ መብላቷን ቀጠለች።

አላምረው ስልኩን አውጥቶ ወደ ሸንተረሩ አናት ተመለሰ። ወደ ቤት ደወለ።

"ሐኪሜ ደህና ናት።"

ከወዲያ በኩል ዓይናዲስ ስታለቅስ ሰማ፤ ከዚያ ደግሞ አፍንጫዋን ስትናፈጥ።

"ነገ መኪና ይሄዳል እየተባለ ነው። መርፌ ይቅር ይቀጥል ሲስተሯ ራሷ ትንገርህ" አለች። "የት ነህ ግን አሁን?"

"ማዶ ነኝ። ጆፌው ነው ያመጣኝ። ውሾቹ ጠግበው እስኪተኙ እየጠበቀ ነው፤ ሲወርድ አይቼው ልምጣ።"

"አይተኸው ቶሎ ና። ምስጋናው መጥረቢያ ይዞ ደጅ ቆሟል። እሾህ በአንድ እጅ አይቆረጥም፣ አያ ጆፌ የት ሄዱ እያለ ነው።"

"ጠርሙሱንስ ይዞታል?"

ስትጠይቀው ሰማ። ምስጋናው ከሩቅ የመለሰው ግን አልተሰማውም።

"ቤቱ ነው ይላል" አለች ዓይናዲስ። "ለጊዜው።"